ስልሳ ካሴትና አንድ ነጠላ ጫማ

ጥቅምት 4

ተወሰነ። የባንዳችንን ስድስት ዘፈኖች ራሳችን እናወጣቸዋለን። በካሴት፣ ስልሳ ፍሬ።

እዚህ ያደረሰን የባለፈው ሳምንት ነገር ነው። ሙሉ የድምፅ ዕቃ ያለው አንድ ሰው ጠርቶን ነበር። "ስፒከሩንም አምፑንም እኔ እችላለሁ። በየቅዳሜው እኔ ቤት ትጫወታላችሁ። የምትቀዱት ሥራ ግን የኔ ይሆናል" አለን። ወረቀቱን አዘጋጅቶ ነው የጠበቀን። ቤዚስታችን የሕግ ተማሪ ነው። ሁለቴ አነበበና አጥፎ መለሰለት። ሻያችንን ሳንጨርስ ወጣን።

ባጃጅ ውስጥ የድሮውን የዋልያስ ባንድ ነገር አነሳሁ። በዚያ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያው የክለቡ ወይም የሆቴሉ ጌታ ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው የተጣላ ቀን ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች ግን መሣሪያውን የራሳቸው አደረጉ። ሂልተን ለዓመታት ሲጫወቱም ጓዛቸው የራሳቸው ነበር። ድራመራችን "እኛም እኮ የራሳችን አምፕ አለን። ያፏጫል እንጂ" አለ።

ቀረጻው አልቋል። ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር በተከራየሁት ክፍል፣ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቁመን ነው የቀዳነው። የቀረው ማውጣት ነው። ማውጣት ቀላሉ ክፍል ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት 7

ዘፋኛችን "ከኛ በፊት ይህን ያደረገ ማን አለ?" ብላ ጠየቀች። የዲስኮርድን ታሪክ ነገርኳቸው። ጌም ተጫዋቾች የሚያወሩበትን አፕ ማለቴ አይደለም። የዋሽንግተን ዲሲውን የሙዚቃ ሌብል፣ አሳታሚውን ነው።

ዘመኑ 1980 ነው፣ በፈረንጆቹ። ቲን አይድልስ የሚባል የሃይስኩል ልጆች የፓንክ ባንድ ነበር። አንድ ዓመት ገደማ ተጫውቶ ፈረሰ። ከየመድረኩ ያገኙትን አልተካፈሉም ነበርና ሲበተኑ 600 ዶላር ያህል ተጠራቅሞ ተገኘ። ለአራት ቢካፈሉት የኪስ ገንዘብ ነው። እነሱ ግን አስቀድመው የቀዱትን ስምንት ዘፈን በትንሿ ሸክላ አሳተሙበት። አንድ ሺህ ኮፒ። ዲስኮርድ የተቋቋመው ለዚህች አንዲት ሸክላ ነው። ባንዱ ሞቷል፣ ሌብሉ ተወለደ። ቤዝ ይጫወት የነበረው ኢያን መኬይና ድራመሩ ጄፍ ኔልሰን ይዘውት ቀጠሉ።

እኔን የሚገርመኝ የሽፋኑ ነገር ነው። ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም። ስለዚህ እንግሊዝ ሀገር የታተመ የአንድ ሸክላ ሽፋን ወሰዱና ማጣበቂያውን ቀስ ብለው አላቀቁት። ጠፍጣፋ ወረቀት ሆነ። በዚያ ልክ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ከዚያ ቁጭ ብለው በመቀስ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ በኮላ ማጣበቅ። ሺውንም።

ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የተጣመሩ ሁለት እጆች ናቸው። እጆቹ ላይ በማርከር ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ። ክለብ ሲገቡ ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆች መጠጥ እንዳይሸጥላቸው የሚደረግባቸው ምልክት ነበር።

ዘፋኛችን ሰምታ ስታበቃ "ሽፋኑን እኔ እቆርጣለሁ" አለች። እጇ ቀጥ ያለ ነው። የኔ መቀስ አያያዝ ይታወቃል።

ጥቅምት 9

ባዶ ካሴት ፍለጋ ወጣን። አዲስ የሚባል ነገር የለም። ገበያ ጀርባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ በማዳበሪያ ከረጢት የሞላ ካሴት አወጣልን። ዘፈን፣ መዝሙር፣ ስብከት፣ የእንግሊዝኛ መማሪያ። 70 መርጠን በ25 ብር ገዛን። 1,750 ብር። ልጁ "ለምን ትፈልጉታላችሁ?" አላለም። ማታ ላይ ያ ከረጢት መጣያ ሊሄድ ነበር መሰለኝ።

የታተመ ካሴት ከላይ በኩል ሁለቱ ማዕዘን ላይ ቀዳዳ አለው። እንዳይቀዳበት ነው። ፕላስተር ስትለጥፍበት ቴፑ ተታሎ ይቀዳል። 140 ቀዳዳ ለጠፍን። የላላውን በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንን። ይህን ሥራ ጣቶቼ ሳልነግራቸው ነው ያስታወሱት።

ጥቅምት 11

ካሴቶቹን የምንቀዳባቸውን ሁለት ቴፕ ይዤ ከመናኸሪያ ወረድ ብሎ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዱን ከፈቱት። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት።

"ይኼ መቼ ነው የተሰማበት?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። የአጎቴ ነው።"

"አይጥ ሰምቶበታል።"

ላስቲኩ ረግቦ እንደ ፓስታ ሆኗል። ዘፈን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ካሴቱን የሚጎትተው ጎማም እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ ሄዱን፣ በአልኮልና በጥጥ ሲጠርጉት ጥጡ ቡና መሰለ።

ላስቲክ ከተቀየረ በኋላ ሌላ ጉድ መጣ። በአንደኛው ቴፕ ላይ የ440 ሄርዝ ድምፅ ቀዳሁና በሁለተኛው አጫወትኩት። ስልኬ ላይ ያለው ቱነር 452 አለኝ። የሴሚቶን፣ የትንሿ የድምፅ እርከን፣ ግማሽ ያህል ማለት ነው። አንዱ ይሮጣል ወይም አንዱ ይጎተታል። የትኛው ነው ልክ? ጋሼ ከመሳቢያቸው አንድ የጥንት ካሴት አወጡ። ሁለቱም ላይ አጫወቱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይኼኛው ነው የሚዋሸው" አሉና የሞተሩ ጀርባ ባለች ቀዳዳ የሰዓት ጠጋኝ መሣሪያ የምታክል ጠመንጃ መፍቻ አስገቡ። አንድ ፀጉር ያህል አዞሩት። ደግሜ ለካሁ፤ 440። ስልኬን ያዝኩበት ምክንያት አልገባኝም።

የሁለቱ ጥገና 1,400 ብር።

ጥቅምት 13

ጭቅጭቅ።

የኛ ሥራ በአንዱ ገጽ 13 ደቂቃ፣ በሌላው 12 ደቂቃ ነው። ካሴቱ ግን የሚይዘው በየገጹ 30 ደቂቃ ነው። እኛ ስናልቅ ድሮ የነበረው ብቅ ይላል። የጊታራችን ዲስቶርሽን ባቲ ቅኝት ላይ እያገሳ ያልቅና፣ "ጭክ" ይልና፣ የሆነ ሰው ክራር ይቀጥላል። እኔ ወደድኩት። እያንዳንዱ ካሴት የራሱ ጭራ ይኖረዋል። ድራመሩም ወደደው።

ቤዚስታችን አልወደደውም። "የሰው ዘፈን እየሸጥን ነው" አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ስልኩ ላይ ከፈተልን። የሥራው አመንጪ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። "የኛን ማንም አይውሰድ ብለን ወረቀት መልሰን የመጣን ሰዎች ነን" ሲል ዝም አልን። ዝም ያልነው ስለገባን ነው እንጂ ደስ ብሎን አይደለም።

ስለዚህ ይጠፋል። ሁሉም። በቴፕ ለማጥፋት ደግሞ በዝምታ ሙሉውን መቅዳት ነው። ለአንድ ካሴት አንድ ሰዓት። 60 ሰዓት!

ሦስቱን ግን ለይተን አስቀመጥን። ዘፈን አይደሉም፤ የድምፅ ደብዳቤዎች ናቸው። አንደኛው ላይ አንድ አባት ዓረብ ሀገር ላለች ልጃቸው በሬው ለስንት እንደተሸጠ፣ ጎረቤት ስንት እንዳጎደለባቸው ይዘረዝራሉ። ለሻጩ ልጅ ብንወስድለት "የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" አለ። ሣጥን ውስጥ ናቸው።

ጥቅምት 16

መጀመሪያ የስፒከር ማግኔት ሞከርን። ካሴቱ ላይ ደጋግመን አሸነው። ዘፈኑ ጠፋ። በቦታው ግን ዝናብ የሚመስል "ሽሽሽ" ተቀመጠ። ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁ።

እሳቸው ከአሮጌ ትራንስፎርመር የብረቱን ግማሽ አውልቀው ጥቅልሉን እርቃኑን አስቀሩት። መብራት ላይ ሲሰካ ጠረጴዛው ይንዘረዘራል። ካሴቱን ያስጠጉና በክብ በክብ ያዞሩታል። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ያርቁታል። ክንድ ሙሉ ሲርቅ መብራቱን ያጠፋሉ። መግነጢሱ ወዲያና ወዲህ እያለ በርቀት እየሞተ ስለሚሄድ ካሴቱ ላይ ምንም አይተርፍም። ቶሎ ከነጠቁት ወይም ቅርብ ሳለ ካጠፉት ግን ጠባሳ ይተዋል። ጥቅልሉ ቶሎ ስለሚግል ከሃያ ሰከንድ በላይ አያበሩትም። ነፍስ ያለበት ሽቦ ስለሆነ እኛን አያስነኩንም።

ሃምሳ አጠፉ። ከዚያ ወገባቸውን ያዙና የመጨረሻዎቹን ለድራመራችን ለቀቁለት። ጣቱ ከሽቦው ርቆ፣ እሳቸው አጠገቡ ቆመው። "ቀስ በል፣ ከበሮ አይደለም" ይሉታል።

ከሰባዎቹ ሰባቱ ሻጋታ በልቷቸው ተጣሉ፣ ሦስቱ ደብዳቤዎች ናቸው። ስልሳ፣ ልክ።

ጥቅምት 20

ሌብሉ ስም የለውም። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። የሐይቅ ስም፣ የተራራ ስም፣ የዓሣ ስም። አልተስማማንም። ድራመሩ "ቆሮሶ ሪከርድስ" ሲል ስብሰባው ተበተነ።

ቢያንስ ምልክት ይኑረን ብዬ ማህተም ቀራጭ ጋ ሄድኩ። "ደብዳቤና ንግድ ፈቃድ" አለኝ። "ወፍ ብቻ ነው፤ የወፍ ሥዕል" ብለውም "ክብ ከሆነ ማህተም ነው" አለ። ልክ ነው፣ እሱም እንጀራው ነው።

እየተመለስኩ አምሃ እሸቴ ትዝ አለኝ። ያኔ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀድቶ ሕንድ ሀገር ልኮ አሳተመ። በሕግ ተከልክሎ ሳለ። ከዚያ እስከ 1975 ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምናዜመው ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። እሱ የንጉሡን ሕግ ተጋፍቶ ሸክላ አሳተመ። እኔን ማህተም ቀራጭ አሸነፈኝ።

ቤት ስገባ የተበጠሰ ነጠላ ጫማዬ በር ላይ ወድቋል። ልጅ ሆነን በሶል ማህተም እንቀርጽ ነበር። ተረከዙን በምላጭ ቆረጥኩና አባ ኮዳ ቀረጽኩበት። አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀው ያ ራሰ በራ ወፍ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ለመቅረጽ ብቻ አንድ ምላጭ ጨረስኩ። በጥቁር ቀለም ሳትመው ትንሽ የታመመ ይመስላል። አባ ኮዳ ግን ድሮም የታመመ ነው የሚመስለው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቀበለው።

ጥቅምት 24

ሽፋን። እንደ ዲስኮርዶች አንድ አሮጌ የካሴት ሽፋን አውጥተን ዘረጋነው። ቁመቱ 10.2 ሴንቲ ሜትር። ፊቱ 6.5፣ ጀርባው 1.3፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው 1.6። በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ስድስት ይገባል። ጎኑ ላይ የሚተርፈው በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ "ማሽኑ ጠርዝ ይበላል" ብላ አስጠነቀቀችን። በላ፣ ግን ትንሽ ነው።

ወፍራም ወረቀት፣ 12 ሉክ፣ 540 ብር። 72 ሽፋን ወጣው።

ዘፋኛችን ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ ማጠፊያውን ታሰምራለች። ቀለም የሌለው እስክሪብቶ ወረቀቱን ሳይቀድ ይሰረጉደዋል። ከዚያ ሲታጠፍ ጠርዙ ቀጥ ይላል። ያለዚያ ይፈነዳል፤ የኔ አራቱ ፈንድተዋል። "አንተ ማህተም ምታ" ተብዬ ተዛወርኩ። ቁጥሩን በግዕዝ ከ፩ እስከ ፷ ጻፍኩ።

ኅዳር 2

ቅጂ ተጀመረ። ከላፕቶፑ በቀይና በነጭ ገመድ ወደ ቴፑ። አንድ ካሴት 25 ደቂቃ። በሁለት ቴፕ ሲሆን ለስልሳው አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል። በሂሳብ።

በተግባር ስድስተኛው ላይ መብራት ሄደ። ሞተሩ ሲሞት ዘፈኑ እንደ ሰከረ ሰው ወርዶ ወርዶ ቆመ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ይደገማሉ። መብራት የመጣው ሌሊት ነው። እትዬ፣ አከራያችን፣ ከመኝታቸው ተነስተው "እናንተ ልጆች፣ አንድ ዘፈን ብቻ ነው እንዴ የምታውቁት?" አሉ። ድምፁን ዘግተን ቀጠልን።

ኅዳር 5

ቅጂ ማለት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀይ እንዳትነካ ማየት፣ ገጽ መገልበጥ፣ ደብተር ላይ ምልክት ማድረግ። ስለዚህ ወሬ ይበዛል።

ዛሬ የዋልያሱ ኪቦርድ ተጫዋች የኃይሉ መርጊያ ወሬ ነበር። ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን በድራም ማሽን ላይ ብቻውን ተጫወተ። ካሴት ሆነ። በኋላ ታክሲ ነጂ ሆነ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ይህ ሲሆን ዲስኮርድ እዚያው ከተማ ነበር። ኢያን መኬይና ጓደኞቹ በአንዱ ሰፈር ሸክላ ያወጣሉ። በሌላው የኛ ሰው አኮርዲዮን ይነፋል። አልተገናኙም ይሆናል። ድራመሩ "በታክሲው ሳያሳፍራቸው አይቀርም" አለ። ቤዚስቱ ማስረጃ ጠየቀው።

ኅዳር 9

ዋጋ። ዘፋኛችን 300 ብር አለች፤ እኔ 200።

ፉጋዚን ጠቀስኩ። መኬይ በኋላ የመሠረተው ባንድ ነው። የመጀመሪያ መድረካቸው መስከረም 1987 ነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ። መግቢያቸው 5 ዶላር ያህል ነበር። ዕድሜ አይመርጡም ነበር። ስም ካወጡ በኋላም በተቻለ መጠን 5 ዶላር ላይ ቆሙ። ቲሸርት አይሸጡም ነበር። ሌሎች የሐሰት ቲሸርት እየሠሩ ይሸጡባቸው ነበር። ሸክላው ላይ በፖስታ የሚላክበት ዋጋ ይታተም ነበር፤ ነጋዴ እንዳይጨምርበት። ትልልቅ ኩባንያዎች ቢመጡም ከዲስኮርድ አልወጡም። ዲስኮርድ ደግሞ ከባንዶቹ ጋር የተጻፈ ውል የለውም። ወጪ ተቀንሶ ትርፉ ለሌብሉና ለባንዱ እኩል ይከፈላል።

ቤዚስታችን "ውል የለውም" የሚለው ላይ ራሱን ያዘ። እኔም በዚህ ከሱ ጋር ነኝ። እዚህ ሀገር በቃል መተማመን ስንቱን ዘፋኝ ባዶ እንዳስቀረ እናውቃለን። አንድ ገጽ ጻፈልን። አራታችንም ፈረምን። እኔ ከፊርማዬ አጠገብ አባ ኮዳ መታሁበት።

200 ብር፣ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ። መግቢያ 50 ብር። ቴፕ የሌለው ገዢ ዘፈኖቹን በቴሌግራም ይቀበላል። ቴፕ ያለው ስንት ሰው አለና?

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነው። እትዬ ግቢውን አስጠርገው ክምሩን ለኮሱት። ድራመራችን ሊረዳቸው ብሎ የወረቀት ቁርጥራጫችንን ከነፌስታሉ ወረወረ። ሌላኛው ፌስታል ነበር። የታጠፈ፣ ማህተም የተመታ፣ ቁጥር የተጻፈበት አስራ ስምንት ሽፋን።

ዘፋኛችን ምንም አላለችም። ያ ነው የሚያስፈራው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሉክ አሳትሞ፣ 135 ብር ከኪሱ ከፍሎ፣ ማስመሪያ ይዞ መጣ። (ብሩን ወደ ወጪ አስገብተንለታል።) ማታ ድረስ እሱ ነው ያጠፋቸው። እውነት ለመናገር ከኔ ይሻላል።

ኅዳር 21

ትናንት ተጫወትን። የጓደኛ ግቢ ውስጥ፣ ከቀኑ በ9 ሰዓት፣ መጠጥ የለም። የሃይስኩል ልጆች መጡ። አምፑ አፏጨ። አራተኛው ዘፈን ላይ የጊታሬ ሁለተኛ ክር ተበጠሰ፤ በአምስት ጨረስኩት።

ከስልሳው አራቱ የኛ ናቸው፣ አንዱ የጋሼ፣ አንዱ የእትዬ። ሁለቱን ለመለዋወጫ አስቀመጥን። ለሽያጭ 52። ትናንት ብቻ 41 ሄደ። አንድ ልጅ ካሴቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና "በየት ነው ቻርጅ የሚደረገው?" አለ። ይቀልዳል ብዬ ሳቅኩ። አይቀልድም ነበር።

ኅዳር 29

አስራ አንዱም አለቀ። 52 በ200፣ 10,400 ብር። ወጪ እስከ ጥጡና አልኮሉ 4,000። ትርፍ 6,400። ግማሹ ለሌብሉ፣ ግማሹ ለባንዱ። "ሌብሉም እኛ፣ ባንዱም እኛ፤ ምን ይለያል?" አለ ድራመሩ። ቤዚስቱ ወረቀቱን አሳየው። 3,200 ብር የወተት ጣሳ ውስጥ ገባ። ለያንዳንዳችን 800 ደረሰን። የመግቢያው ብር ለስፒከር ኪራይ አለቀ።

ከሰዓት አንድ ገዢ መጣ። የአባቱ ቴፕ አለው። ቁጥር ፳፫ን ይዟል። "ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትጨርሱ፣ ከሩቅ ሰው ይዘምራል" አለ። አዳመጥነው። እውነትም አለ፤ ግድግዳ ማዶ ያለ መዝሙር ይመስላል። ለጋሼ ወስጄ አሰማኋቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩ።

"ይኼን ያጠፋው የከበሮው ልጅ ነው። ነጥቆታል።"

ትራንስፎርመሩን ከመደርደሪያ አወረዱ።

ደብተሩ ላይ፦ ፳፫ ተመለሰ። ፶፱ ተሰጠ። አንድ መለዋወጫ ቀረ።